«ቤት ይቆዩ» ተባልኩ፣ «ውጡ» አልኩ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ባለቤቴም አታውቀውም። ስንት ዓመት አንድ ትራስ ስንጋራ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ዛሬ የምጽፈውም ቀለል እንዲለኝ ብዬ አይደለም፤ መቅለል ቢያምረኝ ኖሮ ድሮ እናገረው ነበር። የምጽፈው እምቢ ልለው የማልችለው ሰው ስላዘዘኝ ነው። ማን እንደሆነ ስትጨርሱ ታውቁታላችሁ።

በደሌ አጭር ነው። ሦስት ሰዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ ንገራቸው ተብዬ ተላክሁ። እኔ ሄጄ ውጡ አልኳቸው። ቤት ይቆዩ ተባልኩ፣ ውጡ አልኩ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ እንጂ ማቃለያ አይደለም። ማቃለያ መስሎ የታያችሁ ቦታ ካለ እዚያ ላይ አትመኑኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም። አማርኛ ማንበብ የለመድኩት ከወታደር ቤት ከመጣ ዘመዴ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው። አረብኛውን ያነበብኩት ደግሞ እዚሁ ቤሩት፣ መስኮት ከምወለውልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ያወቀውን ሁሉ በላቡ ስላገኘ፣ ያላወቀው ሰው ሁሉ ሰነፍ ይመስለዋል። የጠበቀውን ሥርዓት ሁሉ በግድ ስለጠበቀ፣ ያልጠበቀው ሁሉ ባለጌ ይመስለዋል። ያ ጠባይ በእኔ ላይ ነበር። አሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ሥራዬ ናጡር ነው፤ የሕንፃ ጠባቂ ማለት ነው። ቤሩት ዳር፣ ሺያህ በሚባል ሰፈር አንድ ያረጀ ሕንፃ እጠብቃለሁ። ደረጃ አጥባለሁ፣ ቆሻሻ አወርዳለሁ፣ የውሃ ሞተር እከፍታለሁ፣ ለነዋሪው ዳቦና ጋዝ አመላልሳለሁ። ባለቤቴ ብርቱካን ከእኔ ቀድማ መጥታ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነበር። የማዳሟ ወንድም የዚህ ሕንፃ ባለቤት ነው፤ ሐጅ እንለዋለን። ጠባቂ ሲፈልግ እሷ ስለ እኔ ነገረችው፤ ወረቀቴን በስሙ አወጣልኝና መጣሁ። የሰጠን ማደሪያ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ናት። ልጃችን ሄለን የተወለደችው እዚያ ነው። መስኮት የላትም። የጎረቤት ጄኔሬተር ጭስ በበሩ ይገባል፤ ሄለንም ትስል ነበር።

አያችሁ? ገና ከመጀመሬ የልጄን ሳል ጠበቃ አድርጌ አቆምኩት። ሳሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሳል ሰው አያስወጣም። ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

በሕንፃው ምድር ቤት፣ በጓሮ በኩል፣ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ነበረች። መስኮቷ ወደ አንድ የአካዲኒያ ዛፍ ያያል፤ በጸደይ ያ ብጫ ፍሬው ሲበስል እጅ ሰድዶ ከመስኮቱ መልቀም ይቻላል። እዚያ ዘሐራ ትኖር ነበር። ዘሐራ የወሎ ልጅ ናት፤ ከማዳሟ ቤት ከወጣች ወዲህ በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ታጸዳለች። ፓስፖርቷም ኢቃማዋም ማዳሟ ዘንድ ስለቀሩ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ነገር በእጇ የለም። ሐያት የምትባል ገና መሮጥ የጀመረች ልጅ አለቻት። አባቷ ማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ሳልጠይቅ ፈርጄባት ነበር። ሦስተኛዋ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ የጎጃም ሰው፣ በሰው ኩሽና አርጅተው ወገባቸው ሲታመም የሚሠሩለት ቤተሰብ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ትቷቸው የቀረ። ዘሐራ ሥራ ስትወጣ ሐያትን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በረመዳን እትዬ ጥሩነሽ ለዘሐራ ማፍጠሪያ ሾርባ ይሠራሉ፤ በዐቢይ ጾም ዘሐራ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይታ ለእሳቸው ታስቀምጣለች። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ምን አልኩ? «ዝብርቅርቅ ያለ ቤት» አልኩ።

የኪራዩን ነገር ላስረዳችሁ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ዘሐራ ብቻዋን ያንን ቤት መክፈል አትችልም ነበር። ቤቷ የእሁድ ቤት ነበረች። የእሁድ ቤት ማለት በማዳም ቤት የሚያድሩ ልጆች በጋራ የሚከራዩት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አይገቡበትም፤ እሁድ ለእረፍት ሲወጡ ሻንጣቸውን የሚከፍቱበት፣ የራሳቸውን ልብስ የሚለብሱበት፣ ምግባቸውን ሠርተው ጮክ ብለው የሚስቁበት ቤት ነው። እነዚያ ልጆች ለአንድ ቀን ከሚገባቸው በላይ ያዋጡ ነበር፤ በቀሩት ቀኖች ዘሐራ፣ ሐያትና እትዬ ጥሩነሽ እንዲያድሩበት ብለው። ማንም ያላስገደዳቸው፣ ማንም ያልጻፈው ውል ነበር። ከተማ ለድሃ ቤት የምታስገኘው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ሌላ ቤት የሚወለውሉ እጆች አንዷን ክፍል በጋራ ያቆሟታል። እኔ ያፈረስኩት ይህን ነው።

እሁድ እሁድ በጓሮው ሳልፍ ልጆቹ ይቀልዱብኝ ነበር።

«ያላ፣ ያላ፣ አባ ደንቡ መጡ! ሙዚቃ ቀንሱ፣ ጉልበት ሸፍኑ!»

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ከለከሉ? መሳቅም ሐራም ሆነ እንዴ?»

«ተይ እባክሽ፣ ጋሼ እኮ ሳቃቸውን አገር ቤት ረስተውት ነው የመጡት፤ ሻንጣ ሞልቶባቸው!»

ዘሐራ ብቻ አትቀልድም፤ ብድግ ብላ ወንበር ትሰጠኛለች። እኔም ሳልቀመጥ ስለ ሥርዓት፣ ስለ አገር ስም፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር ተናግሬ እሄዳለሁ። ሄለን ከሐያት ጋር እንዳትጫወት ከልክዬ ነበር። ይህንንም እንደ ምክር ቆጥሬው ነበር።

ከዚያ ያ የአገሩ ገንዘብ፣ የሊራው ውድቀት መጣ። የቤት ኪራይ በዶላር ሆነ፣ የሰው ደመወዝ በሊራ ቀረ። ከየሕንፃው ሰው ዕቃውን አውጥቶ ሲሄድ ማየት የየቀን ነገር ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር ተስማምቶ አንድ አሠራር አመጣ። ለድሃው በእጁ ገንዘብ አይሰጡም፤ ገንዘቡ ለቤቱ ነው። ድርጅቱ የተሰበረ መስኮት፣ ሽንት ቤት፣ ቧንቧ፣ የመብራት ገመድ በራሱ ወጪ ያድሳል። ባለ ሕንፃው በምትኩ ውስጡ ከሚኖረው ድሃ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ኪራይ አይቀበልም፣ ከዚያ በኋላም ቶሎ አይጨምርም። ማዘጋጃ ቤቱ መሀል ሆኖ ይፈራረማል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ባለ ቤቱ ቤቱ ይታደስለታል፣ ድሃው አይፈናቀልም። የማን አገር ሰው እንደሆንክም አይጠይቁም ነበር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ መሐንዲሷ ስትመጣ ቤተሰቡን እቤቱ ውስጥ በዓይኗ ማየት አለባት። ባዶ ቤት አሳድሰው ለዘመድ የሚሰጡ በዝተው ስለነበር ነው። የጠባቂ ክፍል ደግሞ እንደ ቤት አይቆጠርም፤ ከሥራው ጋር የመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ ለእኔ የሚታደስ ነገር አልነበረም። ይህን ሁሉ ጠይቄ አውቄ ነበር። ሌላው ሰው ሳይሰማው እኔ ማስታወቂያውን አንብቤ ጨርሼው ነበር።

አንድ ጠዋት ሐጁ መጣ። እኔ መግቢያውን እያጠብኩ ነበር፤ ሄለን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች።

«ያ አቡ ሄለን» አለኝ በአረብኛው፤ «ረቡዕ መሐንዲሷ ትመጣለች። የምድር ቤቶቹን ንገራቸው፤ ቤት ይቆዩ። ሕፃኗም ትኑር፣ አሮጊቷም ትኑር። ወረቀት አትጠይቃቸውም፤ አይፍሩ። አብረው የሚኖሩ መሆናቸውን አይታ ትሄዳለች፣ ኸላስ። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ሐጅ» አልኩ።

ገባኝ ነው ያልኩት። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ያቺ ቃል ትዘጋብኛለች።

መጥረጊያዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሰይጣን አሳሳተኝ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ከመግቢያው እስከ ጓሮው በር ያለችው መንገድ ለሰይጣን አትበቃም። ሐሳቡ ቀድሞ እቤቴ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ያቺን መስኮት ሳያት ከርሜ ነበር። «እኔ ሕጋዊ ነኝ፣ ሚስት አለኝ፣ በቁርባን ጋብቻ የመጣች ልጅ አለችኝ፤ እነሱ ምንድን ናቸው? ከሦስት ቦታ የተሰበሰቡ ሴቶች ቤተሰብ ይባላሉ?» ስል ከርሜ ነበር። ስግብግብነቴን ሥርዓት የሚል ልብስ አልብሼው ስለነበር ሳየው ራሴን የማየው አይመስለኝም ነበር።

ዘሐራ በአካዲኒያው ሥር ሐያትን በላስቲክ ሳፋ ውስጥ ታጥባታለች። ልጅቱ ውሃውን በመዳፏ ትመታለች።

«ዘሐራ» አልኳት። «ረቡዕ አምን ዓም ይመጣሉ።»

አምን ዓም የውጭ አገር ሰው ወረቀት የሚመረምሩት ናቸው። ቤሩት ላለች ወረቀት የሌላት ሴት ከዚህ የሚከብድ ስም የለም። ስሙን መርጬ ነው የጠራሁት። ሌላ ስም አልጠራሁም፤ ከዚያ የሚያንስ ውሸት አያስወጣቸውም ነበር።

ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። «ማን አለዎት ጋሼ?»

«ሐጁ ራሱ።»

አላመነታችም። ለምን ታመንታ? እኔ እኮ አባ ደንቡ ነኝ። የማይቀልድ፣ የማይዋሽ፣ ሳቁን አገር ቤት የረሳ ሰው ነኝ። ለዓመታት የሰበሰብኩትን እምነት ሁሉ በዚያች ቅጽበት አወጣሁት።

«እትዬ! እትዬ፣ ይውጡ እስቲ!»

እትዬ ጥሩነሽ ወገባቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ምን ሆንሽ? ቤት ተቃጠለ?»

«ከመቃጠልም ይብሳል። አምን ዓም ይመጣሉ ይላሉ ጋሼ።»

አሮጊቷ ወደ እኔ አዩ። ያዩኝ የጠረጠሩኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀጥለው ያሉት ግን ይህ ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ሌላ ናጡር ቢሆን ኖሮ ጠቁሞ ያስበላን ነበር።»

በማግስቱ ወጡ። ፍራሹን፣ ድስቱን፣ የእሁድ ልጆቹን ሻንጣዎች ሁሉ በአንድ ቫን ጫኑ። የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆች። ሐያት የምትቀመጥባት ቀይ የላስቲክ ወንበር ቦታ ስላልነበራት ቀረች። ዘሐራ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። እኔ እጄን አልነጠቅኳትም። ስንት ጊዜ አስባለሁ፤ ያን ጊዜ እንኳ እጄን ብነጥቃት ኖሮ አንድ ነገር ይገባት ነበር።

ረቡዕ መሐንዲሷ መጣች፤ ወጣት ሴት ናት፣ ትሁት፣ ለእኔም ሳይቀር ሜርሲ የምትል። ቤቱን ከፍታ ባዶ ግድግዳ አየች። ሐጁ ተገርሞ «የት ሄዱ?» አለኝ።

«ፈርተው ሄዱ» አልኩ።

ይህን ስል አልዋሸሁም። ፈርተው ነው የሄዱት። ማን እንዳስፈራቸው ብቻ ነው ያልተናገርኩት። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸት እንደሚከፋ ዛሬ ነው የገባኝ፤ ውሸታም ቢያንስ እየዋሸ መሆኑን ያውቃል።

ሐጁ ትከሻውን ሰበቀ። ሊሄዱ ሲሉ ሄለን ከደረጃው ሥር ሳለች። መሐንዲሷ ዘወር አለች፣ ጎንበስ ብላ ክፍላችንን አየች፣ ባለቤቴን አየች፣ ጭሱን አሸተተች። ይህ ቤተሰብ ወደ ባዶው ቤት ቢገባ እድሳቱ እንደሚቀጥል ለሐጁ ቀስ ብላ ነገረችው። ያኔ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ሁሉም እንደማስበው እየሆነ ስለነበር መናገር አላስፈለገኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሠራተኞቹ መጡ። አዲስ መስኮት ገባ፣ ሽንት ቤቱ ታደሰ፣ የውሃ ታንከር ተሰቀለ። እኛ ገባን።

ግን አላለቀም። እድሳቱ ሳያልቅ አንድ ቀን ዘሐራ ሐያትን አዝላ መጣች። ከብረቱ በር ውጭ፣ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ለመግባት ፈርታ።

«ጋሼ፣ ነገሩ በረደ? መመለስ እንችላለን?»

ይህች ሁለተኛ ዕድሌ ነበረች። በሩን ከፍቼ «ግቢ፣ ዋሽቼሻለሁ» ማለት እችል ነበር። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል። የምን መዶሻ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«ተመልሰው መጥተው ስምሽን ጠየቁ» አልኳት። «በዚህ ሰፈር እንዳትታይ።»

«አላህ ልጅዎን ያኑርልዎ፣ ጋሼ» ብላኝ ሄደች። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለመስኮት ነው። ሁለተኛውን ግን ለምን? ቤቱ በእጄ ገብቶ ነበር። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን ለመጠበቅ ነው፤ ጠባቂ አይደለሁ?

ከዚያች ቤት ከወጡ በኋላ እነዚያ ሦስቱ መቼም አንድ ላይ አልኖሩም። የእሁድ ልጆች ሻንጣቸውን በየዘመዱ በተኑ፤ ማዋጣታቸውም ቀረ። እትዬ ጥሩነሽ ጥቂት ጊዜ እዚህም እዚያም ካደሩ በኋላ በእርዳታ ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ዘሐራ ከልጅ ጋር የሚቀበላት ቤት አጣች። ልጅ የሚይዝላት ሰው ከሌለ በሰዓት መሥራት አይቻልም፤ በማዳም ቤት ደግሞ ልጅ ይዞ ማደር አይቻልም። ስለዚህ ሐያትን ወደ አገር ቤት ለምትሄድ አንዲት ሴት ሰጥታ ወደ እናቷ፣ ወደ ኮምቦልቻ ላከቻት። እሷ ራሷ ሐምራ በሚባል ሰፈር አንዲት ያረጁ ማዳም ቤት ተቀጥራ ማደር ጀመረች።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ምክንያቱም ዘሐራ እኔን አልተወችኝም። በየበዓሉ ትደውላለች፤ በእሷም በእኔም በዓል። እኛ ምድር ቤቱ መግባታችንን በሰማች ጊዜ ምን አለች መሰላችሁ? «አልሐምዱሊላህ፣ ከሌላ ሰው እርስዎ ይግቡበት። አካዲኒያው ሲደርስ ለሄለን ይልቀሙላት።» አንድ ቀን ደግሞ እየሳቀች እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ ሐያት እኮ ዘሐራ እያለች ነው የምትጠራኝ። እማ የምትለው እናቴን ነው። በቪዲዮ ሳያት ‹ዘሐራ ደወለች› ብላ ትጮሃለች።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ተቆረጠ። እኔ ስልኩን ይዤ በአዲሱ መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር።

ለምን አልነገርኳትም? ፈራሁ ብል ይቀላል። እውነቱ ሌላ ነው። በቤሩት ውስጥ እንደ አባት የምታየኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ አባ ደንቡ ይሉኛል፣ ሲያዩኝ ይበተናሉ። ሰው አጠገቤ አይቀመጥም። ጥፋት የሠራሁባት ሴት ብቻ ነበረች የምትወደኝ፤ ያንን ደግሞ ላጣው አልፈለግሁም። ቤቷን ወሰድኩ፣ ምስጋናዋንም ጨምሬ ወሰድኩ።

ቤቱ ራሱ ቤት አልሆነኝም። ሄለን እዚያ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ሳሏ ተሻላት፤ ግን የቤት ሥራዋን የምትሠራው ደረጃው ላይ፣ ከአሮጌው ክፍላችን በር ፊት ነው። ክረምት ከበጋ። «ግቢ እንጂ፣ ብርሃን አለ» ስላት «እዚህ ይሻለኛል» ትለኛለች። ያቺን የሐያትን ቀይ ወንበር አንድ ጊዜ ቆሻሻ ልጥላት ስል ሄለን ከእጄ ወስዳ አልጋዋ ሥር አስቀመጠቻት። እያደገች ስትመጣ ቃሏ አጠረ። የልጃገረድ ጠባይ ነው አልኩ፤ ስለ ልጆች አስተዳደግም ለባለቤቴ ረጅም ንግግር አደረግሁላት።

ጦርነቱ ቤሩት በደረሰ ጊዜ የእኛ ሰፈር በቦምብ ይደበደባልና ውጡ ተባለ። መጀመሪያ የደወለችልን ዘሐራ ናት። «ጋሼ፣ ውጡ! አሁኑኑ ውጡ፤ ዕቃ አትበሉ!» የእሷ ውጡ እውነት ነበር። ማዳሟን ለምና የሕንፃቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ጥግ አስፈቀደችልን። ፍራሽ ይዛ ወረደች፤ ለብርቱካን ሻይ አመጣች፤ ሄለንን ፀጉሯን ሠራቻት። እኔ ባስወጣኋት ሴት ፍራሽ ላይ ጋደም ብዬ ኮንክሪቱን አየሁ። እዚያም አልተናገርኩም። ሰላም ሲሆን ሕንፃችን ቆሞ አገኘነው፤ ተመልሰን ገባን። መስኮቱ እንኳ አልተሰነጠቀም።

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስኩ። ባለፈው ወር ዘሐራ ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትገባ ሆነ። ሐያት አድጋለች፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። ልትሰናበተን እሁድ ዶራ ቀጠረችን፤ እሁድ የእኛ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት፣ ቫኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ብርቱካን ሥራ ስለነበራት እኔና ሄለን ሄድን። ዘሐራ ለሄለን ሻርፕ ገዝታ ነበር።

«ጋሼ፣ ይመርቁኝ» አለች፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ጎንበስ ብላ። «ለሐያት ምን እንደምላት ያውቃሉ? ቤሩት ውስጥ አንድ አባት ነበረን፤ ከአምን ዓም ያዳነን እላታለሁ።»

እኔም መረቅኋት። በሰላም ያግባሽ አልኩ፣ ከልጅሽ ጋር ያኑርሽ አልኩ። ውጡ ባለው አፍ መረቅኋት። እሷም አሜን፣ አሜን አለች።

በቫን ስንመለስ ሄለን ሻርፑን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ያዘች። ከብዙ መንገድ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ እንዲህ አለች፤

«አባዬ፣ ሐጁ እኮ ቤት ይቆዩ ነው ያለህ።»

ያን ቀን ደረጃው ላይ ጫማዋን ታስር ነበር ብዬ ነገርኳችሁ። ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ አረብኛን ከጋዜጣ የለቀምኩት ሰው፣ ልጄ አረብኛን ከጡት ጋር እንደጠጣችው ረስቼ ነበር። ሐጁ ያለውን ሰምታለች። ከዚያ ተከትላኝ ወደ ጓሮ መጥታ ለዘሐራ ያልኩትንም ሰምታለች። በሁለት ቋንቋ ሰምታኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ዳኛውን ለምን አልከሰስሽም እንደማለት ነው።

«ትነግራቸዋለህ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። ከዚያም «ለእናቴም አልነገርኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ከየት መጣ ይሄ ቤት ሲለኝ ዝም እላለሁ። እኔ እዛ ቤት ውስጥ ተኝቼ መተኛቴን አልወደውም፣ ያኒ…» ብላ ተወችው።

ስለ እውነት ስንት ጊዜ መክሬያታለሁ። ስለ ውሸት ቀጥቼያታለሁ። እሷ ምክሬን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ያንን እያወቀች፣ «እሺ አባዬ» እያለች ሰምታኛለች። እንደዚያ ዓይነት ብቸኝነት በገዛ ልጄ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። የእኔም ብቸኝነት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም አንድን ነገር ለየብቻ ስንጠብቅ ነበር።

ጻፈው ያለችኝ እሷ ናት። «ጻፈውና ለእነ ዘሐራ ይድረስ» አለችኝ። ዘሐራ ማንበብ አትችልም። ላስተምርሽ ብዬ ስንት እሁድ ቃል ገብቼ ስለ ሥርዓት ብቻ አውርቼ ሄጃለሁ። ስለዚህ ትናንት ይህን ጽፌ ስጨርስ ለሄለን ሰጠኋት፤ «አንቺ አንብቢላትና በድምፅ ላኪላት፤ አማርኛሽ ባይጠራም ይገባታል» አልኳት።

አንብባ ጨረሰች። የመጨረሻውን ገጽ ካነበበች በኋላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«በእኔ ድምፅ አይደለም» አለች። «በራስህ።»

አንባቢ ሆይ፣ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። እናንተን አላስወጣኋችሁም፤ ይቅርታውም በእጃችሁ የለም። ቤቱን እመልስ ዘንድ የሚመለስበት ሰው ኮምቦልቻ ነው፤ ልጅነቷን እመልስላት ዘንድ ሐያት አድጋለች። ዘሐራ ሰምታ ብትረግመኝ መብቷ ነው። ዝም ብትለኝም መብቷ ነው። ይቅር ብትለኝ ግን እባካችሁ ያ ይቅርታዋ የእሷን ደግነት እንጂ የእኔን በደል ማነስ አያሳይ።

ዛሬ እሁድ ነው። ሄለን ቀዩዋን ወንበር ከአልጋዋ ሥር አውጥታ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣታለች፤ እሷ ግን ደረጃው ላይ ናት። በሩን ክፍት ትታዋለች፣ እንድትሰማኝ። ስልኩ በእጄ ነው። የመጀመሪያዋን ቃል አውቃታለሁ፤ ስንት ዓመት ያደረስኳት በውሸት ነው፣ ዛሬ እንደተላክሁባት አደርሳታለሁ፦

ዘሐራ፣ ቤት ይቆዩ ተብዬ ነበር።